በየሰው ግድግዳ የተለጠፈው የአክሲዮናችን ዋጋ

መካነ ሰላም ገብታችሁ ያገኛችሁትን ሰው «ያቺ ግድግዳ የምትልጠው ልጅ ቤቷ የት ነው?» ብትሉት ሥራውን ትቶ እኛ በር ድረስ ያደርሳችኋል። በስሜ ብትጠይቁት ግን አገጩን እያከከ ቆሞ ያስባል እንጂ አያውቀኝም። ወላጆቼ ስም ሲያወጡልኝ ያላማከሩት ጎረቤት አልነበረም ይባላል፤ ከተማው ግን ማንንም ሳያማክር በአንድ ግንቦት ሌላ አወጣልኝ።

ግድግዳ የላጥኩት አብጄ አይደለም። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ። ያበድኩትስ ከላጥኩ በኋላ ነው። የላጥኩት ተምሬ ነው፤ እስከ ዐሥራ አንደኛ ክፍል፣ ደሴ፣ ያውም ሂሳብ ከሌላው ትምህርት ሁሉ እያስበለጥኩ። ያልተማረ ሰው እንዲህ ያለ ጥፋት ውስጥ አይገባም፤ መግቢያውን ከየት ያውቀዋል?

ነገሩ የሚጀምረው ከሟች አጎቴ ነው። አጎቴ፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ አዲስ አበባ አንድ የሻማ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ ሲሞት፣ ለእማዬ የተረፋት አንድ ኮት፣ አንድ ጃንጥላና አንድ ትልቅ ፖስታ ነበር። ኮቱን አባዬ ለበሰው። ጃንጥላውን እማዬ ዘረጋችው። ፖስታው ውስጥ የነበረው ግን የሚለበስም የሚዘረጋም አልሆነም፤ ዳር ዳራቸው እንደ ጥለት ያጌጠ፣ ማኅተም ያረፈባቸው ወረቀቶች ናቸው። አክሲዮን።

«አክሲዮን ማለት ምንድን ነው?» አለኝ አባዬ።

«ቅርጫ ማለት ነው» አልኩት። በራሴ ኮርቼ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የመጣለት መምህር አልነበረኝም። «ብዙ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ በሬውን ይገዛል። ሁሉም የየራሱ መደብ አለው። የሻማ ፋብሪካው በሬው ነው። ይኼ ወረቀት የእኛ መደብ ነው።»

«መቼ ነው የሚታረደው?»

«አይታረድም።»

«ካልታረደ ምኑን ቅርጫ ሆነ?»

«በሬው ያርሳል፤ ያረሰውን ነው የምንካፈለው።»

«ማን ነው የሚቀልበው?»

«እነሱ።»

«እኛስ?»

«እኛ መደባችንን ይዘን ቁጭ።»

አባዬ ወረቀቱን እያገላበጠ አየው። «እንዲህ ያለ በሬ ካለ» አለ፣ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጭድ የምሸከመው ምን ነክቶኝ ነው?» ከዚያ ወዲያ አጎቴ የዋለልንን ውለታ ባነሳን ቁጥር አባዬ «እነዚያ የፋብሪካ ሰዎች አንድ ሻማ እንኳ ልከው አያውቁም» ይላል።

እዚህ ላይ እኔ የምገባበትን ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ይህ ሁሉ ልፋት ለሻማ ይመስላችኋል። ደሴ አስጠግታ ታስተምረኝ የነበረችው አክስቴ ባሏን ተከትላ ወደ አሰብ ወረደች። እኔም ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ቀርታኝ፣ ከሻንጣዬ ጋር የጭነት መኪና ላይ ተሰቅዬ ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩ። ደሴ ቤት ተከራይቶ፣ ቀለብ ችሎ የሚያስጨርሰኝ ሰው የለም። እዚህ ደግሞ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የለም። ያለው አያ መኮንን ነው።

አያ መኮንን የሠፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ያላገባ ይድራሉ። አቀስታ ላለ አንድ ሚስቱ የሞተችበት የገብስ ነጋዴ እኔን ሊጠይቁ ሁለት ጊዜ እኛ ቤት መጥተዋል። ሰውየውን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ክፉ አይደለም። ግን ስለ ገብስ ይናገራል። ተቀምጦ ስለ ገብስ ይናገራል፤ ተነስቶ ሲሄድም በር ላይ ቆሞ ስለ ገብስ ይጨምራል። የአቀስታን ውርጭ እችለው ይሆናል፤ ውርጩ ላይ ገብሱ ሲጨመር ግን ለእኔ በዛ። አባዬ ለአያ መኮንን «ክረምት ሳይገባ መልስ እሰጣለሁ» ብሏቸዋል። እማዬን «ልትድሪኝ ነው?» ብላት «እኔማ ብትማሪ ደስታዬ ነው፤ በምን?» አለች። በምን የሚለው ቃል ላይ ግንቦት መጣ።

ከግንቦት ጋር አቶ ተሾመ መጡ። አቶ ተሾመ የደሴ ቆዳ ነጋዴ ናቸው፤ የታወቁ፣ የተከበሩ ሰው። አጎቴን ያውቁት ኖሮ ለቅሶ ሊደርሱ ገቡ፤ ሐዘናቸውን ከጨረሱ በኋላ ስለ ወረቀቶቹ አነሱ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጃቸው የዚህን የሻማ ፋብሪካ አክሲዮን እየሰበሰበ ነው። ለአንዱ ሃያ ብር ይሰጣል።

እኔ በልቤ አባዛሁት። ወረቀቶቹን ሁሉ በሃያ ሃያ ብንሸጣቸው ደሴ አንድ ዓመት ሙሉ ተከራይቼ፣ በልቼ፣ ፈተናዬን ተፈትኜ እወጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ገብሱ በቆሎው ጤፉ ሁሉ ለባለቤቱ።

«ገበያው ላይ ስንት ነው?» አለ አባዬ።

«ከገበያው በላይ ነው የምሰጣችሁ» አሉ አቶ ተሾመ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። በእኛ አገር ሻጭ ፊት ቆሞ «ከገበያው በላይ ነው የምሰጥህ» ያለ ገዢን ማን አምኖ ያውቃል? በሬ ሲሸጥ፣ ቅቤ ሲሸጥ፣ ዶሮ ሲሸጥ ገዢ ሁሉ የሚላት ይህችኑ ነው። ሰውየው ይህችን ቃል ባይተነፍሱ ኖሮ እኔ ዛሬ ይህን ወግ አልጽፍም ነበር። አባዬ እማዬን ዐየ፤ እማዬ እኔን ዐየች፤ እኔም የተማርኩትን ሁሉ ወደ ምላሴ ጫፍ ሰብስቤ «የዱሮውን ዋጋ ሳናይ አንሸጥም» አልኩ።

አቶ ተሾመ ገርሟቸው ቀና አሉ። «የዱሮውን?»

«አዎ። ዋጋ ለብቻው ምንም አይናገርም። ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ሲታይ ነው ወዴት እንደሚሄድ የሚታወቀው።»

«ጥሩ ልጅ ነው ያለቻችሁ» አሉ ለአባዬ። ወደ ወግዲ ወርደው ቆዳ ሰብስበው በሳምንቱ ሲመለሱ መልሳችንን እንደሚሰሙ ተናግረው በቅሏቸው ላይ ወጡ። ጥሩ ልጅ የተባልኩት ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ ነው።

የዱሮው ዋጋ የት ይገኛል? እኔ አውቃለሁ። ደሴ ተማሪ ቤታችን ውስጥ ጋዜጣ እናነብ ነበር፤ ከውስጥ ገጾቹ በአንደኛው ግርጌ፣ ከሙት ዓመት ማስታወቂያ አጠገብ፣ የየኩባንያው አክሲዮን ዋጋ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ይወጣል። ያንን ሣጥን ከየጋዜጣው መልቀምና በተራ መደርደር ብቻ ነው። ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው «ያነበብነውን ሁሉ ለሁሴን ሱቅ ስንሰጥ ኖረን፤ አሁን ሦስት ዓመት ሊሆነን ነው መስጠት ካቆምን። አዲሱ ኃላፊ ወደ ቤታቸው ነው የሚወስዱት» አለኝ።

ወደ ጋሽ ሁሴን ሱቅ ሄድኩ።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ሁሴን፤ ጋዜጣ አለዎት?»

«ወአለይኩም ሰላም። ለምን? ለበርበሬ መጠቅለያ ነው ለግድግዳ?»

«ለማንበብ።»

«ለማንበብ!» አሉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ትንሽ ሳቁ። መጋዘናቸው ጥግ ላይ የነበረውን ክምር አሳዩኝ። ክምሩ ድሮ ጣራውን ሊነካ ምንም አይቀረው ነበር፤ አሁን ጉልበቴ ላይ እንኳ አይደርስም። «ይኸው ከላይ ከላይ እያነሳን ስንሸጥ ስንሸጥ አለቀ። የቀረው እታች ያለው ነው፤ እሱንም አይጥ ቀምሶታል።»

ከላይ ከላይ። ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ አላልኳትም።

እዚህ ላይ ስለ ከተማችን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ግድግዳ ላይ ጋዜጣ መለጠፍ ወደ መካነ ሰላም የገባው በቅርቡ ነው። የአንድ ሹም ሚስት ከአዲስ አበባ ይዛው መጣች፤ ያየ ሁሉ ቀናበት። ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ እስላሙ ለዒድ፣ ከስንዴ ዱቄት ሙጫ አፍልቶ በዓመት አንድ ጊዜ በአሮጌው ላይ አዲስ ይለጥፋል። ስለዚህ የሁሉም ሰው ግድግዳ ሦስት ድርብ ነበር፤ ከዚያ በታች ጭቃ ነው። ይህን ባሰብኩ ጊዜ ከደስታዬ የተነሳ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ታችኛው ድርብ የመጀመሪያው ዓመት፣ መካከለኛው የሁለተኛው፣ ላይኛው የዘንድሮው! የሻማ ፋብሪካው ታሪክ በተራ ተለጥፎ፣ በሙጫ ተጠብቆ ሲጠብቀኝ ኖሯል።

«ቀኑን እያየሽ ለምን አትደረድሪውም?» የሚል ብልህ አንባቢ አይጠፋም። ቀኑ ያለው ፊት ገጹ ላይ ነው። ፊት ገጹ ላይ ደግሞ የጃንሆይ ፎቶግራፍ አለ። ጃንሆይን ከመቀመጫው መደብ አጠገብ ለጥፎ ጀርባውን የሚያስደግፍባቸው፣ ወይም ምጣድ ሲጣድ ጢስ የሚያለብሳቸው ማን ደፋር አለ? ስለዚህ በየቤቱ ፊት ገጹ ተለይቶ ከጣራው ሥር በክብር ይለጠፋል፣ የሦስቱም ዓመት ጎን ለጎን ተደባልቆ፤ ዋጋው ያለበት ገጽ ከታች ይቀራል። ቀኑ ከላይ፣ ዋጋው ከታች። የትኛው ቀን የየትኛው ዋጋ እንደሆነ የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ነው፤ እሱም አልነገረኝም።

የጀመርኩት ከቤታችን ነው። እርጥብ ጨርቅ እየለጠፍኩ በቢላዋ ጫፍ ስፍቅ፣ ላይኛው ድርብ ላይ ከእማዬ አልጋ ራስጌ ሣጥኑን አገኘሁት። የሻማ ፋብሪካው፦ ሠላሳ። ዘለልኩ። አቶ ተሾመ ሃያ ብለውን! ከሥሩ ያለውን ስልጥ ሃያ አንድ። ከዚያም ሥር ዐሥራ አራት። ዐሥራ አራት፣ ሃያ አንድ፣ ሠላሳ! «እማዬ! እየወጣ ነው! እንደ እርሾ እየወጣ ነው!»

እማዬ እየተንፈራገጠ ያለ ዶሮ እጇ ላይ እንደያዘች ገባች። እሷ ያየችው ዋጋውን አይደለም። «ግድግዳዬን!» አለች።

ግን ሦስት ነጥብ አይበቃም። የሂሳብ መምህሬ በሦስት ነጥብ መስመር የሚያሰምረውን ተማሪ እንደ ሌባ ነበር የሚያዩት። ስለዚህ ወደ ጎረቤት ወጣሁ።

ሼህ ይመር ቁርዓን የሚያቀሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ ግቢያቸው ከደረሳ ተማሪዎቻቸው ድምፅ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ነገሩን አስረዳኋቸው፤ በሬውን፣ መደቡን፣ ሁሉንም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ወለድ አለበት?»

«የለበትም። ካተረፈ እንካፈላለን፣ ከከሰረም አብረን እንከስራለን።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ ነው። ላጪ፤ ግን መልሰሽ ትለጥፊያለሽ።»

«ወላሂ እለጥፋለሁ» አልኳቸው።

የሼህ ይመር ግድግዳ ግን ለብቻው መከራ ነው። ሼሁ የሰው ሥዕል ቤታቸው አያስገቡም፤ እሳቸው ከመለጠፋቸው በፊት ሰው ያለበትን ሁሉ በመቀስ አውጥተውታል። የአምላክ ስም ያለበትን ደግሞ ለክብሩ ቆርጠው ሌላ ቦታ አስቀምጠውታል። የቀረው ጋዜጣ እንደ ወንፊት ነው። አንዱ ጋ የኩባንያው ስም አለ፣ ዋጋው ከጀርባው ከነበረ ከአንድ ሚኒስትር ጉንጭ ጋር ተቆርጦ ሄዷል። ሌላው ጋ ዋጋው አለ፣ የማን እንደሆነ የለም። ከዚያ ሁሉ ጉድጓድ መሐል ከመካከለኛው ድርብ ላይ አንድ ሙሉ ሣጥን አገኘሁ። የሻማ ፋብሪካው ስም አለ። ፊት ለፊቱ ያለው ግን ቁጥር አይደለም፤ አንዲት ሰረዝ ናት።

ሰረዝ። ምንም ማለት ነው? ዜሮ? ወረቀቱን ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩና «በመካከል አንድ ሳምንት ዋጋው ምንም ሆኗል» አልኩ። እማዬ ምንም የሚለውን ቃል ሰማች፣ የወንድሟን ስም ጠራችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች። ለቅሶውን የሰማ ጎረቤት ማን ሞተ እያለ ገባ። «ኩባንያው ሞቶ ነበር፤ ግን ወዲያው ተነስቷል» ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ይህን ንግግሬን ለአያ መኮንን ማን እንዳደረሰላቸው እስከ ዛሬ እያጣራሁ ነው።

እሳቸው ቤት ከመሄድ በቀር ግን ምርጫ አልነበረኝም። በከተማው የተዋበው ግድግዳ የአያ መኮንን ነው፤ ሁለቱም ክፍል፣ እስከ ጓዳው። እሳቸው አልነበሩም። ባለቤታቸው ሊሰሙኝ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ብቅል ያሰጣሉ። «አንቺ ልጅ፣ ብትልጪው ባትልጪው እኔ ምን ቸገረኝ፤ አሮጌ ወረቀት ነው» አሉኝ። እኔም ገባሁ።

አያ መኮንን ማንበብ አይችሉም፤ ግድግዳውን የለጠፈላቸውም ሰው አይችልም። ግማሹን ገጽ ዘቅዝቆ ነው የለጠፈው። ዘቅዛቃውን ለማንበብ ደግሞ መዘቅዘቅ ነው። ወገቤን አጥፌ፣ ራሴን በጉልበቴ መካከል አድርጌ፣ ሻሼ ወድቆ፣ ቢላዋ በእጄ ይዤ «ዐሥራ ስድስት! ዐሥራ ስድስት!» እያልኩ ስጮህ በእግሮቼ መካከል ሁለት ጥንድ ጫማ አየሁ። አንደኛው የአያ መኮንን ነው። ሁለተኛው ጫማ ከገብስ አቧራ ነጥቷል።

«ምን ሆና ነው?» አለ የአቀስታው ሰውዬ፣ በቀስታ።

«አክሲዮን እያነበበች ነው» አሉ የአያ መኮንን ባለቤት ከደጅ።

አቧራ ያነጣው ጫማ ወደ አያ መኮንን ጫማ ዞረ። «ጠበል ሞክረውላታል?»

ቀና ስል ደሜ ሁሉ ፊቴ ላይ ነበር። «ጤና ይስጥልኝ» አልኩ። አያ መኮንን የሚያዩት እኔን አይደለም፤ ከጓዳው ጫፍ እስከ በሩ የተገሸለጠውን ግድግዳቸውን ነው።

ያን ቀን መተው ነበረብኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ከያዝኩ እግሬ መሬት አይነካም። በሳምንቱ ውስጥ ያልላጥኩት ቤት የትኛው እንደሆነ መቁጠር ይቀላል። ላይኛው ድርብ ላይ ሁልጊዜ ትልቅ ቁጥር፣ ታችኛው ላይ ሁልጊዜ ትንሽ፤ አንድም ቤት አላሳፈረኝም። እርግጥ አንድ ነገር ከንክኖኝ ነበር። የዘንድሮ ነው ባልኩት ላይኛው ድርብ ላይ «አዲስ ገባ!» የሚል የሬድዮ ማስታወቂያ አለ። ያው ሬድዮ አያ መኮንን ቤት አለ፤ ተበላሽቶ ዶሮ ይፈለፈልበታል። አዲስ አበባ ላይ አዲስ የገባው ሬድዮ እኛ ጋ ዶሮ ካስፈለፈለ በኋላ ነው እንዴ? አልኩና፣ አንድ ዓይነት ስም ያለው ሌላ ሬድዮ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ደስ የሚል መስመር ያገኘ ሰው ለሬድዮ ብሎ አያጠፋውም።

ከዚያ ግራፉን ሠራሁ። በደህና ስስ ወረቀት ላይ፣ በማስመሪያ፣ በቀይ እርሳስ። ከግራ ከዐሥራ አራት ተነስቶ ወደ ቀኝ ሠላሳ ላይ የሚወጣ መስመር። አባዬ አየው።

«የአጅባር ዳገት ነው?»

«ዋጋው ነው አባዬ። ይኸው እየወጣ ነው። ከዚህም በላይ ይወጣል።»

«እኔ የማውቀው ዳገት ሁሉ ወዲያ ማዶው ቁልቁለት አለው።»

«ይኼ የለውም።»

«በየከተማው መብራት ገባ ይላሉ። መብራት ከገባ ሻማውን ማን ያበራዋል?»

«ቤተ ክርስቲያን!»

«ቤተ ክርስቲያን ጧፍ ነው» አለች እማዬ፣ ከምድጃው ዞር ሳትል።

ሁለቱም አልተማሩም፤ ምን ይደረግ ብዬ አዘንኩላቸው። እንዲያውም ሃያ ብር ስድብ ነው አልኩ። አርባ በሏቸው። እማዬ አርባ ለማለት ሦስት ቀን ተለማመደች፤ እንደ ጸሎት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። እኔ ደግሞ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። አቧራውን ጠረግኩት። ደብተሬን ከተትኩበት። ከአርባው ላይ ለእማዬ ቀሚስ፣ ለአባዬ ጫማ ገዛሁ፤ በልቤ።

አቶ ተሾመ እንዳሉት በሳምንቱ ተመለሱ። ከበቅሏቸው ወርደው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ግድግዳችንን አዩ፤ እስከ ጭቃው ተልጧል። ጨዋ ሰው ናቸውና ዓይናቸውን ወደ እኛ መለሱ።

«እንግዲህ?» አሉ።

«አርባ» አለች እማዬ። በአንድ ትንፋሽ።

አቶ ተሾመ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። «እመት፣ አርባ ደርሶ አያውቅም እኮ። ማን ነው እንዲህ ያላችሁ?»

ግራፌን ዘረጋሁላቸው። በመስኮቱ ብርሃን ብዙ አዩት። ዐሥራ አራቱን በጣታቸው ነኩት፣ ሠላሳውንም ነኩት። «ቁጥሮቹ ልክ ናቸው» አሉ። «የኔ ልጅ፣ ቁጥሮቹ በሙሉ ልክ ናቸው።» ከዚያ ወረቀቱን ገለበጡና ጀርባውን ወደ እኛ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርገው ያዙት።

ስስ ወረቀት ነው ብያችኋለሁ። በብርሃኑ ቀዩ መስመር ከጀርባው ታየ። ከሠላሳ ተነስቶ ዐሥራ አራት ላይ ይወርዳል። እንደ ድንጋይ።

«እንዲህ ነው የሚነበበው» አሉ።

ያኔ ነው የጋሽ ሁሴን ክምር ዓይኔ ላይ የተደቀነው። ከላይ ከላይ። ክምር ላይ አዲሱ የሚቀመጠው ከላይ ነው። ጽሕፈት ቤቱ መስጠት ካቆመ ወዲህ ክምሩ ላይ የተጨመረ የለም፤ ጋሽ ሁሴን መጀመሪያ የሸጡት አዲሱን፣ ቀጥለው የቆየውን፣ ዘንድሮ ደግሞ ከሁሉም የቆየውን ነው። ከተማው ሦስት ዓመት ሙሉ አዲሱን ጋዜጣ በአሮጌ ሲሸፍን ኖሯል። እኔ የላጥኩት ግድግዳ ወደ ኋላ የሚሄድ ነበር። ዶሮ የሚፈለፈልበት ሬድዮ ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።

«ታዲያ ሃያውን...» አለች እማዬ፣ ቀስ ብላ።

«ሃያውማ ከገበያው በላይ ነበር፤ ነግሬያችኋለሁ። ወዳጄ ቸኩሎ ነበርና መልስ ስትዘገዩ ከሌላ ሰው የሚበቃውን ገዝቷል። ወግዲ ሳለሁ ነው መልእክቱ የደረሰኝ።» ከኪሳቸው ያንኑ ሰሞን ከደሴ የመጣላቸውን ጋዜጣ አውጥተው ሰጡኝ። ቀን ያለው፣ ከነፊት ገጹ፣ ሙሉ ጋዜጣ። የውስጡን ገጽ ገለጥኩት። የሻማ ፋብሪካው ስም አለ። ፊት ለፊቱ ሰረዝ።

«ሞተ?» አለች እማዬ። ነጠላዋን ይዛለች።

«አልሞተም። ሰረዝ ማለት የገዛም የሸጠም የለም ማለት ነው። አልጨመረም፣ አልቀነሰም። አለ፤ የሚፈልገው ሰው የለም እንጂ።»

አባዬ ይህን ከሁሉም በላይ በጥሞና ሰማው። «ይቺ ሰረዝ» አለ። «አለ፤ ግን የሚፈልገው የለም።»

«ልክ ነው።»

«ገባኝ» አለ አባዬ። በዚህ ሁሉ ሳምንት ገባኝ ያለው ይህን ብቻ ነው።

አቶ ተሾመን እስከ በቅሏቸው ሸኘናቸው። ተመልሼ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር አስገባሁት። አያ መኮንን ከሰዓት በኋላ መጡ፤ እንደ ወትሮው አልተቀመጡም። የአቀስታው ሰው ጥያቄውን ትቶታል አሉ። «ግድግዳ የላጠች ነገ ጣራ ታፈርሳለች ብሏል፤ እኔ የሰማሁትን ነው የምናገረው።»

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ሰውየውን አልፈልገውም ነበር፤ በጋውን ሁሉ ያለቀስኩት እሱን ላለማግባት ነው። ግን በዚያች ቀን፣ ሃያውም ደሴም ከሄዱ በኋላ፣ ስለ ገብስ ብቻ የሚያወራ ሰው እኔን ሲተወኝ... ተናደድኩ። እኔ ነኝ እሱን የምተወው! ስድቡን በሩ ላይ ቆሜ ለማን ልናገር? አያ መኮንንም ቀጥለው የተጎዱት ቤቶች ሁሉ ተሰብስበው የፈረዱትን ነገሩን፤ የላጥኩትን ሁሉ ለመስቀልና ለዒድ ሳልል፣ ሙጫውን ከራሴ ዱቄት አፍልቼ፣ እኔው መልሼ እለጥፋለሁ።

ስለዚህ ሰኔን ያሳለፍኩት ሙጫ በማንቆርቆር ነው። ወረቀቱን ያገኘሁት ከጋሽ ሁሴን ነው፤ ከክምሩ ታች የቀረውን፣ አይጥ የቀመሰውን። አዎ፣ ከሁሉም የቆየውን። አሁን የመካነ ሰላም ግድግዳ ሁሉ ላይ የሻማ ፋብሪካው ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት ነው። እንደዚያ ዘመን የበለጸገበት ጊዜ አልነበረም። ከኔ በኋላ የሚልጥ ሰው ቢመጣ እንዳይሳሳት ከእያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ «የቆየ ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። ሼህ ይመር ቤት ሰው ያለበትን እየቆረጥኩ፣ አያ መኮንን ቤት አንድም ሳላዘቀዝቅ። አያ መኮንን በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር፤ ማንበብ ባይችሉም ቀጥ ማለቱን ለማረጋገጥ ወረቀቱን ከሬድዮዋ ጠርዝ ጋር እያስተያዩ፤ ዶሮዋም ታየኝ ነበር።

የእኛን ቤት መጨረሻ ላይ ለጠፍኩ። ከእማዬ ራስጌ የአቶ ተሾመን ጋዜጣ አደረግኩት፤ ጃንሆይ ከላይ፣ ሰረዟ ከታች። እማዬ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዋ ሳትወርድ «ዛሬስ ስንት ገባ?» ትለኛለች፤ የተለጠፈ ጋዜጣ እንደማይለወጥ ታውቃለች፣ ግን ትጠይቃለች። «ሰረዝ ነው እማዬ» እላታለሁ። «ይሁን» ትላለች። ወንድሟን አልሸጠችም፤ አንዳንዴ ይህ እንዳስደሰታት እጠረጥራለሁ።

ባለፈው ገበያ ከአባዬ ጋር ጨው ልንገዛ ወጥተን አንድ የአጅባር ዘመዱን አገኘን፤ ለብዙ ጊዜ ያልተያዩ። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሞተው ሰው ተጠያየቁ። ከዚያ ሰውየው እኔን በዓይኑ እያመለከተ «ይቺ ልጅ እንዴት ሆነችልህ? ትምህርቷን ጨረሰች ወይስ አገባች?» አለው።

አባዬ እኔን አየኝ። ጨዉን ከትከሻዬ ላይ ተቀበለኝ። አክሲዮን ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልገባው አባቴ፣ በአጎቴ ኮት ውስጥ ሆኖ፣ ጣቱን አነሳና አየር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አንዲት አጭር መስመር አሰመረ።

ሰውየው ግራ ገባው። እኔም አልገባኝም ብል ደስ ባለኝ።